እማማ ስጋት መኪና ሲፈትሹ

ሰፈሩ «እማማ ስጋት» የሚላቸው ያለ ነገር አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጥላ ይዘው ይወጣሉ። በራቸውን ቆልፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ይመለሱና መቆለፉን ጎተት አድርገው ያረጋግጣሉ። ትንሽ ሄድ ይሉና ደግሞ፣ «ስጎትተው ላልቶ እንደሆነስ?» ብለው እንደገና ይመለሳሉ። ሰው «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብሎ ሲተርትባቸው፣ «እኮ! እናንተ ላይ እንዳይደርስ እኔ ልፍራላችሁ» ይላሉ።

ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩላት የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ ለሥራ ከራቀች ወዲህ አጉርሰው፣ አልብሰው፣ ሲያስላት አብረው እየሳሉ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ አድጋ የእንስሳት ሐኪም ሆነች። እሰየው። ሥራ ያገኘችው ግን ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ አዲስ በተከፈተ ክሊኒክ ነው። መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች። አውቶቡሱ ደግሞ ጠዋት ይወጣል እንጂ ማታ አይወርድም።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ሻይዋን ቆማ እየጠጣች፣ «እምዬ፣ ዛሬ መኪና ለማየት እሄዳለሁ» አለች። «ትንሽ ኤስዩቪ ናት፤ ቁመቷ ከፍ ያለች። ከወደድኳት እገዛታለሁ፤ ካልሆነ ይቀራል።»

እማማ ስጋት ነገሩን በልባቸው አሰሉት። መኪና ካለ ዳገቱ አለ፤ ዳገቱ ካለ ልጅቷ የለችም። መኪና ከሌለ ግን እዚሁ ታች፣ ከተማ ውስጥ፣ የሰው ድመትና ውሻ እያከመች ትኖራለች። ስለዚህ መኪናዋን ሳያዩ ጠሏት። ነጠላቸውን አጣፍተው በጓሮ በር ወጡና የጎረቤታቸውን የመካኒኩን በር አንኳኩ። እንደ ጅራፍ የረዘመ፣ ራሱ ትልቅ፣ ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል።

«ብሎን፣ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ይዘዙኝ እማማ።»

«ልጅቷ መኪና ልታይ ነው። አብረኸን ትሄድና እንከን ትፈልግልኛለህ።»

«ባይኖራትስ?»

«እንከን የሌለው መኪና ቢኖር አንተ በምን ትኖር ነበር?»

ብሎን እጁን በጨርቅ ጠረገ። መፍቻውንና የእጅ ባትሪውን ይዞ ተከተላቸው።

የመኪናዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ከበራቸው ፊት ለፊት መንገድ ዳር ቆማለች፤ ቀለሟ የደረቀ ቅጠል የመሰለ፣ አጠር ደልደል ያለች፣ ከቁመቷ በላይ ልትታይ እንደተንጠራራች ሴት። ሐኪሙ ኮፈኑን ሲያነሱ በልማድ «በሰፊው ክፈቺ» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

ብሎን ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ፣ ጎማዎቿን ተጫነ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ሰጠ።

«ጥሩዋን ልንገርሽ» አለ ልጅቷን። «ሆዷ ከመሬት ራቅ ያለ ነው፤ ያንን ኮረኮንች ስትወጪ ድንጋይ አያገኛትም። ወንበሯ ከፍ ያለ ስለሆነ ፊት ፊትሽን አርቀሽ ታያለሽ። አጭር ናት፤ ጠባብ ቦታ ላይ ትታጠፋለች፣ ስታቆሚያት አትቸገሪም። ነዳጅም ያን ያህል አትጠጣም።»

እማማ ስጋት ጎኑን በክርናቸው ጎሰም አደረጉት።

«መጥፎዋስ?» አሉ።

«መጥፎዋ...» ብሎን ጎኑን እያሻሸ፣ «ቁመቷ እንዳያታልልሽ። የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ብቻ ናቸው። ጂፕ ነኝ ብላ ጭቃ ውስጥ ብትገባ ታፍራለች።»

«ሰማሽ? ታፍራለች!»

«ነፋስ ትቀበላለች። መታጠፊያ ላይ ትወዛወዛለች።»

«ከፍ ያለ ነገር እኮ ለመውደቅ ቅርብ ነው። እኔ ቁም ሳጥን ላይ ዕቃ የማላስቀምጠው ለምን ይመስልሻል?»

ከዚያ የኋላው በር ተከፈተ። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አሉ እማማ ስጋት ቀድመው፤ አልተሳሳቱም። የዕቃ መጫኛው ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ይመስላል እንጂ ልጅቷ ይዛው የመጣችው የሕክምና ሣጥን አልገባ አለ። ብሎን በቁሙ ሞከረው፣ በጎኑ ሞከረው፤ ከኋላ ወንበር ግማሹ ካልታጠፈ አይሆንም። የኋላው መስታወትም እንደ ደብዳቤ ማስገቢያ ጠባብ ነው።

«ይህቺ መኪና» አሉ እማማ ስጋት ድል በድል ሆነው፣ «ትልቅ እንዳትባል ዕቃ አትይዝ፣ ትንሽ እንዳትባል ቦታ ትፈጃለች። ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ ለራስዎ ቢያስቀሯት ይሻላል።»

ሐኪሙ ተከዙ። የልጅቷ ፊት ግን ከሳቸው ይልቅ ዳመነ። ሣጥኗን አነሳችና፣

«እሺ፣ ይቅር» አለች። «እንግዲያው እዚያው እከራያለሁ።»

«እዚያው የት?»

«ላይ ነዋ። ከክሊኒኩ ጀርባ የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኛል። ሥራውንማ ተቀብያለሁ እምዬ፤ ለእሱ መኪና አላስፈለገኝም። መኪና የፈለግሁት ማታ ማታ ወደ ቤት ልመለስበት ነበር። አንቺ ብቻሽን እንዳትሆኚ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እማማ ስጋት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከጠዋት ጀምሮ በገዛ እጃቸው ልጅቷን ከቤት ሲያስወጡ ነው የዋሉት ማለት ነው!

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሳይነዷት ነው እንዴ የሚፈርዱባት? እንዲህ ያለ ግፍ አለ? ብሎን፣ አንተ ደግሞ አፍህ በዛ! ሰው እንከን ብቻ ይፈልጋል?»

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ...»

«ግባ! ግባ ከኋላ።»

ለእማማ ስጋት ከሹፌሩ ጎን ያለው የፊት በር ተከፈተላቸው። ወለሉ ላይ ያለውን ግራጫ ምንጣፍ አዩት፤ ታጥቦ፣ ተቦርሾ ጸድቷል። እሳቸው ቤት ደግሞ ሕግ አለ፦ ሹምም ይሁን ሐኪም፣ ምንጣፍ ላይ ከነጫማው የሚወጣ የለም። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበርና እጃቸው በልማዱ ጫማቸውን አወለቀ። መንገዱ ዳር ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡትና ገብተው በሩን ዘጉ። ማንም አላየም። ብሎንና ሐኪሙ ከኋላ ወንበር ጋር ትግል ላይ ናቸው፤ ልጅቷ ስፖኪዮ ታስተካክላለች።

አገባባቸው ራሳቸውን አስገረማቸው። ወንበሩ ልክ ወገባቸው ጋ ነው፤ ወደ ጎን ተቀምጠው እግራቸውን ማስገባት ብቻ። ዝቅ ካለ ታክሲ ሲወርዱ አንዱ በክንዳቸው፣ ሌላው በብብታቸው ይዞ ነው የሚያወጣቸው።

«ከታክሲ የምወርደው እንደ ጥርስ ተነቅዬ ነው ዶክተር» አሉ። «ከዚህችስ በክብር ነው የምወርደው!»

ሐኪሙ ከኋላ ሊስቁ ፈለጉ፤ ጉልበታቸው ደረታቸውን ስለተጫነው ሳቁ ግማሽ ሆኖ ቀረ። «እኔ እኮ እዚህ ተቀምጬ አላውቅም» አሉ። «ለካ ባለቤቴ እውነቷን ነው የምትነጫነጨው።»

ዳገቱን ጀመሩ። ቀኑ ሞቃት ነበርና ሐኪሙ፣ «ማቀዝቀዣውን ሞክሪው ልጄ» አሉ። ቀዝቃዛ አየር እፍ ማለት ጀመረ።

«መታጠፊያው ላይ ትወዛወዛለች» አለ ብሎን።

«እሹሩሩ በላት! ሕፃን የሚወደው ይህንኑ አይደል?»

«ነፋሱ ይጮሃል።»

«ዝም ያለች መኪና ሹፌር ታስተኛለች። ይህቺ አውርታ ታነቃለች።»

«እማማ፣ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር እያወራ ነው።»

«አንተ ረዝመህ ነው እንጂ እሷ ምን አጠረች?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንቹ መጣ። የመኪናዋ ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ትነቀንቃለች፤ ግን ትወጣለች። ድንጋዩ ከሆዷ በታች ያልፋል። ታች የቀሩት ጣራዎች እየጠበቡ፣ እየተጠጋጉ ሄዱ፤ ከፍ ካለው ወንበር ሁሉም ይታያል። እማማ ስጋት ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገቱ ላይ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ወጡ።

ያኔ ነው ቀኝ እግራቸው የቀዘቀዘው።

መጀመሪያ ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ እርጅና ስንት ጉድ ያመጣል። ቀሚሳቸውን ቀስ ብለው ዳሰሱ። ደረቅ ነው፤ ተመስገን። ካልሲያቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ርሷል። ምንጣፉን ጫን ሲሉት ውሃው በካልሲያቸው በኩል ሽቅብ ብቅ አለ።

መኪናዋ ታለቅሳለች፤ ከሳቸው በቀር ያወቀ የለም። ብሎን ሲፈትሽ አልታየውም፤ ሐኪሙም ብቻቸውን ስለሚነዱ የዚህኛውን ወንበር ወለል አያውቁትም። ጫማ ቢያደርጉ ኖሮ እማማ ስጋትም አያውቁም ነበር። ምላሳቸውን ቢውጡ መኪናዋ ትገዛለች፤ ልጅቷ ማታ ማታ በር ታንኳኳለች፤ ቤቱ ባዶ አይሆንም። ቢናገሩ ግን ልጅቷ ሌላ ሰበብ አትፈልግም፤ ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው ክፍል ይጠብቃታል።

አንድ መታጠፊያ ዝም አሉ። በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የልጅቷን እጅ አዩት። መሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዟል፤ የልጅነቷ ጠባሳ አውራ ጣቷ ላይ አለ፤ በር የቆነጠጣት ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እፍ ያሉበት።

«ቁሚ!» አሉ። «ልጄ፣ አቁሚያት። ይህቺ መኪና ውሃ ታፈሳለች።»

ሜዳ ነገር ላይ ቆሙ። ብሎን እንደ ሜትር ተዘርግቶ ወረደና በእማማ ስጋት በኩል ወለሉ ላይ ተደፋ። ምንጣፉን ገለጠ፣ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ።

«የሞተር ውሃ ቢሆን ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ይሸት ነበር፣ ያጣብቅም ነበር። ያኔ 'በሉ እንመለስ' እላችሁ ነበር። ይህ ንጹሕ ውሃ ነው። ማቀዝቀዣው ነው ያላበው።» ባትሪውን አበራና ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ። «ይኸው! ውሃውን ወደ ውጭ የምታስወጣዋ ቱቦ ከቀዳዳዋ ተነቅላለች። ውጭ መድፋት ሲገባት ቤት ውስጥ ትደፋለች።»

ገፋ፣ ጠመዘዘ፣ አቃሰተ። ከዚያ ሁሉም ጎንበስ ብለው በመኪናዋ ሆድ ሥር አዩ፤ ሐኪሙም ሳይቀሩ። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ውሃው አቧራው ላይ መውረድ ጀመረ።

«መንጋጋዋ ተመለሰ!» አሉ ሐኪሙ እያጨበጨቡ።

ልጅቷ አያቷን ከሰዎቹ ራቅ አደረገቻቸው። «እምዬ፣ እንድገዛት ስትለማመጭ አልነበር? ዝም ብትይ እኮ ገዝቻት ነበር። እዚያ እንዳልቀር ፈርተሽ አልነበረም?»

«ፈርቼ ነዋ የተናገርኩት!» አሉ እማማ ስጋት። «ሩቅ ብትሆኚ እናፍቅሻለሁ፤ ለናፍቆት ደግሞ አውቶቡስ አለ። የማላውቀው ጉድ ላይ አስቀምጬሽ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁንም የፈለግሽውን አድርጊ፤ እኔ ምንም አልልም።» ወዲያውም ጣታቸውን አንስተው፣ «ቀበቶሽን ግን እሰሪ» አሉ።

ልጅቷ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት። «ሣጥኔ ወንበር ታጥፎለት ይገባል» አለች አንድ በአንድ እየቆጠረች። «ጭቃ ሲሆን አስፋልቱ ጫፍ ላይ አቆማትና የቀረውን በእግሬ እወጣለሁ። የኋላው ወንበር ደግሞ ለብሎን አልተሠራም፤ ብሎን ይቅርታ ያድርግልኝ። ጉድለቷን ሁሉ አወቅሁት እምዬ። የማላውቀው ነበር የሚያስፈራኝ። እወስዳታለሁ።»

እማማ ስጋት እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወደ እግራቸው አዩ።

«ጫማዬ!»

ሲመለሱ የሐኪሙ ባለቤት ከጎረቤቶቿ ጋር ጫማውን ከበው ቆመዋል። «እኛ እኮ ሴትዮዋን ምን ዋጣት ብለን!» አለች። «ሰው ተሰርቆ ጫማው ይተርፋል ወይ እያልን ስንከራከር ነበር።» ባሏ ከኋላ ወንበር ሲወጡ ስታይ ደግሞ ጫማውን ረሳችው። «ደግ አደረገህ! አሁን ገባህ?»

ልጅቷ ሥራ የጀመረች ዕለት እማማ ስጋት በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ዋሉ። ጠዋት መመሪያ ሰጥተዋታል፦ «ማታ ከመነሳትሽ በፊት በዚያኛው በር ግቢና፣ ጫማሽን አውልቀሽ ምንጣፉን በእግርሽ ጫን ጫን በይው። ደረቅ ከሆነ ነይ።» ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከፍ ያሉት መብራቶች መታጠፊያው ላይ ብቅ አሉ። መኪናዋ ትንሽ ተወዛወዘች፣ ተስተካከለች፣ በሩ ፊት ቆመች። ልጅቷ ወረደች፤ ልብሷ ላይ ገለባ፣ ፊቷ ላይ ሳቅ።

«ደረቅ ነው እምዬ! እንደ አጥንት!»

እማማ ስጋት ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ አለ። ከዚያ በታች ካልሲ ብቻ ነው።

«ቦቲ ጫማሽስ?»

ልጅቷ እግሯን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ክሊኒኩ በር ላይ» አለች። «ጎን ለጎን።»