ለበዓል የተሠራው ነጭ ጣፋጭ

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ሠርከአዲስ ከሮቤ ገበያ ሲመለሱ የማድ ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፎ አገኙት። በመስኮት ሲያዩ የልጃቸው ሚስት ሀዋኒ ነጭ ዱቄት በውሃ ትበጠብጣለች። ቤታቸው ከገባች ጀምሮ በር ዘግታ አታውቅም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

ሀዋኒ ደነገጠች። «ጄላቲን ነው፣ እማማ። ከከብት አጥንት የሚወጣ ነው። ለበዓል ስጦታ ማርሽማሎው የሚባል ጣፋጭ እየሠራሁበት ነው።»

«በጾም አጥንት? ደግሞስ ለማን ነው?»

«እሱን አሁን አልነግርዎትም።»

ይህ መልስ ጭራሽ አስጠረጠራቸው። ሀዋኒ ስትወጣ ጠብቀው ባዶውን ፓኬት ከቆሻሻ ውስጥ አነሱና የአሳማ እንዳይሆን ሠግተው ፋርማሲ ለሚሠራው ጎረቤታቸው ለኤልዳድ አስነበቡት።

«የበሬ ነው ይላል፤ የአሳማ አይደለም» አላቸው።

ይላል እንጂ ማን አየው፣ ብለው አሰቡ። ሁለቱንም ቀን ሀዋኒን በዓይናቸው ሲከታተሉ ዋሉ።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሀዋኒ ሪባን የታሰረበት ካርቶን ሰጠቻቸው። ውስጡ ስኳር የተነሰነሰባቸው ነጫጭ ቁራጮች ተደርድረዋል።

«ጥርስዎን ካስነቀሉ ወዲህ በየበዓሉ ዝም ብለው ሰው ሲበላ ሲያዩ ያሳዝኑኛል። ይሄ ማኘክ አይፈልግም» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሠርከአዲስ አንዱን አንስተው አሸተቱት፤ በጣታቸውም ጫን አደረጉት።

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ ብዪ።»

ሀዋኒ እየሳቀች በላች። እስክትውጥ ጠብቀው እሳቸውም ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ቀስ ብሎ ሟሟ።

«ስኳር በዝቶበታል» አሉና ካርቶኑን ወደ መኝታ ክፍላቸው ይዘው ገቡ።