አረንጓዴው «ደርሷል»

ቸኩዬ ነው። ሰበብ ብደረድርም ያው ነው፤ ቸኩዬ ነው።

ሙኒራ እዚህ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ውስጥ፣ ከአገር ቤት መጥተው በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ትንሽ ማኅበር አላት። ብዙ አሠሪዎች ሲም ካርዳቸውን ይነጥቋቸዋል፤ ዋይፋዩን ግን ልጆቹ ስለሚጫወቱበት አይዘጉትም። ስለዚህ መልእክት መጻፊያና አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው መተግበሪያ ሠራሁ፤ ስሙን «ድረሱልኝ» አልኩት። ቁልፉ ሲነካ የጻፉት ለሙኒራ በኢሜይል ይሄዳል፤ ቅጂው እኔ ስልክ ላይ ይታያል።

ኢሜይሉን የሚልክልን ድርጅት መምረጥ የኔ ሥራ ነበር። ሁለት ቀሩኝ። አንደኛው በራሳችን ስም፣ በንጹሕ አድራሻ ይልካል፤ ግን ማንነታችንን እስኪያጣራ ሳምንት ይፈጃል። ሁለተኛው አምስት መስመር ኮድ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይልካል። አድራሻውን ግን የሎተሪ አጭበርባሪዎችም ይጋሩታል።

«ከይረዲን፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችኝ ሙኒራ።

«ወላሂ፣ አንቺ ደግሞ ተረት ታበዢያለሽ!» ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። ኢሜይሉ መሄዱን የሚያሳየውን የእንግሊዝኛ ቃል ራሴ «ደርሷል» ብዬ ተረጎምኩት፣ በአረንጓዴ ቀለም። እንዴት ኮርቼበት ነበር!

ሰኞ ዕለት ውቢት የምትባል ልጅ ከሆዳን ሰፈር ሦስት ጊዜ ላከች። «ቆልፈውብኝ ሄደዋል። ሆዴን በጣም አሞኛል።» እኔ የአባቴ ሱቅ ተቀምጬ ሦስት አረንጓዴ «ደርሷል» አየሁ። ሙኒራ ይዛዋለች ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ሙኒራ ግን ምንም አላየችም። የኢሜይል ሳጥኗ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሦስቱንም «ኢንዴዚራብል» የሚል ማኅደር ውስጥ ጥሏቸዋል። የማይፈለጉ ማለት ነው፤ የአጭበርባሪዎች ኢሜይል የሚጣልበት። ያገኘናቸው ሐሙስ፣ የውቢት አሠሪዎች ተመልሰው ሬሳዋን ካዩ በኋላ ነው።

እኔ ያፈሰስኩት አይለቀምም።

ቅዳሜ የውቢትን ታላቅ ወንድም ልቀበል ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ጋሽ መርሻ ከባቡሩ ሲወርድ እናቱ ለመገነዣ የላከችውን ነጠላ በጥቁር ፌስታል ይዟል። መኪናው ውስጥ ስንገባ ጠየቀኝ።

«ሰው ጠርታ ነበር?»

«ጠርታ ነበር፣ ጋሼ።»

«መልእክቷ ሳይደርስ ቀርቶ ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። ሦስቱን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ አነበባቸው።

«ደርሷል ይላል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ማን ደረሰላት?»