የሙሴ ሙራድ ቀማሽ

"መጀመሪያ በሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ በሴት እጅ፣ መጨረሻ ላይ በወንድ እጅ። ረሳሽው እንዴ?" አለ ሙሴ ሙራድ ከኋላዋ።

መስታወት አልረሳችውም። ትንባሆ ፒፓ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ታችኛው ለስለስ፣ መሐለኛው ጠበቅ፣ ላይኛው ጫን ይደረጋል። ዓመታት ስትጠቀጥቅ የኖረች ሴት ይህን እንዴት ትረሳዋለች? እጇን ያዘገየው ንዴት ነው። ይህን ፒፓ ዳግመኛ አፏ ላታደርስ ለጌታም ለኅብረቷ ሽማግሌዎችም ቃል ገብታ ነበር። ይኸው በእሑድ ጠዋት፣ ቤይሩት ዳር ጃል ኤል ዲብ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ የወጥ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆማ ክብሪት ትጭራለች።

"አንድ ጊዜ ብቻ ሀቢብቲ። የመጨረሻ። አባስ አሁን ይመጣል፤ ምን ልበለው?"

"እውነቱን በለው። አፍንጫዬ ሞቷል በለው።"

"አፍንጫው የሞተ ትንባሆ ቀማሽ!" ሙሴ ሙራድ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። "ከምትዪኝ ከዚህ በረንዳ ወርውሪኝ!"

ዕድሜው የአባቷ ነው። በአማርኛ ቢሆን አንቱ ትለው ነበር፤ አረብኛው ግን አንቱ አያውቅም፣ እሷም "ሙሴ" እያለች፣ አቶ እንደ ማለት፣ ለምዳዋለች።

"እሺ፣ ኸላስ። ሂድና ክራቫትህን እሰር" አለችው። ሽማግሌው እጇን ስሞ እየተቻኮለ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ያን ያህል ደስ ሲለው ሆዷ ራራ። ምን ታድርግ፣ መራራት አመሏ ነው።

ሙሴ ሙራድ ትንባሆ ይቀይጣል። መዝረዓ ሰፈር ያለው የአባስ ሱቅ በትልልቅ ጣሳ የሚሸጠው እሱ የቀየጠውን ነው፤ ፒፓ የሚያጨሱ ዶክተሮችና ጠበቆች "የሙራድ" ብለው ይጠይቁታል። ቅይጡ ውስጥ ዋናው ላታኪያ የሚባለው ጥቁር ቅጠል ነው፤ ወራት ሙሉ በእንጨት ጭስ ሲታጠን ከርሞ የሚመጣ። ታዲያ ኮሮና መጣና የሽማግሌውን አፍንጫ ይዞት ሄደ። ሽንኩርት ቢያሸት የለም፣ ቤንዚን ቢያሸት የለም። ሚስቱ ማዳም ሞታለች፤ ልጆቹ ፈረንሳይ ናቸው፤ ቤት ያለችው መስታወት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ደሴ ላይ ጠላ ሻጭ እናት ያሳደገቻት ናት፤ የወይራን ጢስ ከግራር ጢስ ትለያለች። "አንቺ ቅመሺና ንገሪኝ" አላት።

መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር፤ ያመነች ሰው አታጨስም። እሱ ግን የፒፓ ጭስ አይዋጥም፣ አፍ ውስጥ ተገላብጦ ይወጣል ብሎ አስረዳት። ካልተዋጠ ደግሞ ማጨስ አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። አልሸሹም ዞር አሉ! ከዚያ ወዲህ እሷ ትቀምሳለች፣ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ትነግረዋለች፣ እሱ ሳሎን ወጥቶ የራሱ አስመስሎ ለአባስ ያወራል።

ያጋለጣት ሽታው ነው። የአበሾቹ አማኞች ኅብረት ዶራ በተከራየው አዳራሽ፣ ከዝማሬ በፊት፣ ጓደኛዋ ሚሚ አቀፈቻትና ደንግጣ ለቀቀቻት። ሲጋራ ቢሸት ሲጋራ ባሉ ነበር፤ ይህ ግን የታጠነ ነገር ነው፣ ከባድ፣ ደን የተቃጠለበት። እህቶች ተንሾካሾኩ፦ መስታወት ጠንቋይ ቤት ሄዳለች፣ ታጥና ታጥና መጥታለች! ወዲያው ከበቧት። እጅ ጫኑባት፣ "ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!" እያሉ ጮኹባት። ምንም የሚወጣ ነገር የለም። አንዷማ ጭንቅላቷን እስኪያማት ድረስ ነቀነቀቻት። በመጨረሻ እያለቀሰች "ኧረ ትንባሆ ነው! አሠሪዬ እያስቀመሰኝ ነው!" አለች።

የኅብረቱ መሪ ወንድም ሶፎንያስ ክፉ ሰው አይደለም። ከመዘምራን አገዳት፤ አንድ ወር ሳትነካው ከቆየች ዛሬ፣ በዚህ እሑድ፣ በጉባኤው ፊት ልብሷን ለብሳ ከመዘምራን ጋር ትቆማለች ብሎ ቀን ቆረጠላት። ወሩን ሙሉ ከታገዱት ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰላም የሚላት እንኳን በጣት ጫፍ ነው።

ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ወደቡ የፈነዳ ጊዜ ግን ግድግዳ ወድቆባት፣ የያኔ ማዳሟ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ተራራ ስትሸሽ፣ ፍርስራሹ መሐል የቀረችውን ያነሷት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሚሚ በጀርባዋ አዝላ ነው ሆስፒታል ያደረሰቻት። ቤይሩት ውስጥ ለመስታወት ወገን ማለት እነሱ ናቸው፤ ሌላ የላትም።

ክብሪቱ ያዘ። ሳበች፣ ላይኛው ትንባሆ ተነፋ፣ ጠቀጠቀችው፣ ደግማ ለኮሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ጭሱ ምላሷ ላይ ተኛ፤ በመጀመሪያ እናቷ ጠላ ልትጠምቅ በወይራ ያጠነችው እንስራ መጣ፣ አፉን ከፍተው ፊታቸውን ሲያስጠጉ የሚወጣው ያ ትኩስ ሽታ። ቀጥሎ ምሬቱ መጣ፣ እንደ ጌሾ፣ የምላሷን ጎንና ጎን ያዘ። ይህ አዲስ ቅይጥ ነው። ሽማግሌው ምን ጨምሮበት ይሆን?

"መስታወት! ወተቱ! ወተቱ እያረረ ነው!" የሚል ጩኸት ከመኝታ ቤቱ መጣ።

ፒፓውን መስኮቱ ደፍ ላይ ጥላ ሮጠች። ለቁርሱ ሩዝ በወተት ጥዳ ነበር፤ ድስቱ ሥር መያዝ ጀምሯል። ጋዙን ዘጋች። ሙሴ ሙራድ ክራቫቱን በግማሽ እንዳሰረ ከመኝታ ቤቱ ብቅ አለ።

"ያኒ፣ ቤቱን ልታቃጥዪው ነው?" አለ።

መስታወት ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ድስቱን አየችው። የመኝታ ቤቱ በር በረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ነው ያለው፤ በዚያ ላይ ተዘግቶ ነበር።

"በምን አወቅህ?" አለችው።

"ምኑን?"

"እኔ አጠገቡ ሆኜ ያልሸተተኝን፣ አንተ እዚያ ሆነህ በምን አወቅህ?"

 የሙሴ ሙራድ እጅ ወደ ክራቫቱ ሄደ። ሰው ሲዋሽ የማያምርበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሸትህ?"

"ቀስ በቀስ ነው... ትንሽ ትንሽ..."

"ከመቼ?"

"ካለፈው ፋሲካ።"

ወይ ጉድ! ካለፈው ፋሲካ! መስታወት ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ስንት ጊዜ ጠቀጠቀች፣ ስንት ጊዜ ለኮሰች፣ ስንት ጊዜ በሎሚና በጨው አፏን እየታጠበች ወደ ዶራ ሮጠች!

"ታዲያ ለምን? አፍንጫህ ከተመለሰ ለምን እኔን?"

ሽማግሌው ከፊት ለፊቷ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሐኪሙ ምላሴ ላይ ነጭ ነገር አየ። ወደ ክፉ ሊለወጥ ይችላል አለ። አንድ ፒፓ፣ አንዲት ብቻ፣ እንዳትነካ አለኝ።"

"አንተ እንዳትነካ።"

"አዎ።"

"የኔ ምላስስ? የኔን ምላስ የፈጠረው ሌላ ነው? ነጩ ነገር አበሻ ይፈራል?"

"አንቺ ወጣት ነሽ፣ መስታወት። ጤነኛ ነሽ። ትንሽ ትንሽ ምን ያደርግሻል ብዬ..."

የእባብ ጉድጓድ በሰው እጅ መለካት ማለት ይኼ ነው።  ከወገኖቿ አቆራርጧት፣ ጠንቋይ ቤት ሄደች አስብሏት፣ ዛሬም ለምኖ ቃሏን አፍርሶባት፣ ይኸው "ምን ያደርግሻል" ይላል። ደግሞ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንባው ይባስ አናደዳት።

"ላንቺ ልነግርሽ አፍሬ ነው" አለ።

"ለማስጨሱ አላፈርክም።"

በሩ ተንኳኳ። መብራቱ፣ ካህራባው፣ ስለሌለ አሳንሰሩ አይሠራም፤ አባስ ስድስቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ እያለከለከ ነው። ሙሴ ሙራድ ዓይኑን ጠርጎ ሊከፍት ሄደ። "ቦንጁር፣ ቦንጁር! ተፈደል!" የሚለው ድምፁ እንደ ወትሮው ደማቅ ነበር።

መስታወት በረንዳው ላይ ወጣች። ፒፓው ደፉ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል፤ ገና ግማሹ አልተነካም። ጊዜው ይበቃታል፤ አፏን ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ ሰርቪስ ታክሲ ይዛ ብትወጣ ትደርሳለች። ታች ባሕሩ ዳር ያለው አውራ ጎዳና በመኪና ተጨናንቋል። ክብሪቱን አነሳች።

ማንም አላዘዛትም። ለኮሰችውና ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ሥሩ ሳበችው። ምሬቱ እየለቀቀ ሄደ። ከሥር ሌላ ነገር መጣ። እዚያው ቆማ አመዱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጨረሰችው፤ ከጨረሰችም በኋላ ምላሷን ከላንቃዋ አላላቀቀችም።

ሙሴ ሙራድ በጫማ ጫፉ እየረገጠ ወጥ ቤት ገባ። "ጨርሰሽዋል? እንዴት ነው? አባስ እየጠበቀ ነው፤ ንገሪኝ!"

መስታወት ፒፓውን አራገፈች፣ በቡሩሹ አጸዳች፣ ከጣሳው አዲስ ትንባሆ ቆንጥራ እንዳስተማራት ጠቀጠቀች።

"መስታወት፣ በእግዚአብሔር! ጣፋጭ ነው? ይመራል? ጥቁሩን አበዛሁት? ጠዋት ቀምሼዋለሁ ብዬዋለሁ እኮ!"

የቡናውን ትሪ አነሳች። ሁለት ሲኒ፣ ፒፓውን፣ ክብሪቱን አደረገችበትና ሳሎን ገባች። አባስ፣ ያ ወፍራም ሱቀኛ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ፈገግ አለላት። ቡናውን ለእንግዳው፣ ፒፓውን ለቤቱ ጌታ አስጠጋች።

"ሙሴ ለእንግዳው ደግሞ ሊቀምስለት ይፈልጋል" አለች።

"ያ ሰላም!" አለ አባስ እጁን እያፋተገ። "ያላ፣ ሙሴ! ፊቴ ቅመስልኝ!"

ሙሴ ሙራድ ፒፓውን አየው። ከዚያ እሷን አየ። እጁን ዘረጋ። ወደ አፉ ይውሰደው፣ መልሶ ያስቀምጠው፣ ለአባስ እውነቱን ይንገረው፣ ምርጫው የእሱ ነው። መስታወት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ ለይታ አላወቀችም። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወረደች።

ዶራ ስትደርስ ጸሎቱ ተጀምሯል። ሚሚ የመዘምራኑን ልብስ በክንዷ ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃለች።

"የት ነበርሽ? ያላ፣ ልበሺ! ስምሽ ሊጠራ ነው!" ብላ ልትጎትታት ተጠጋችና ቆመች። አፍንጫዋ አወቀ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። "ሚስኪን... ሰርቪስ ውስጥ ነው በይ። ሹፌሩ ሲያጨስ ነበር በይ፣ እኔ እመሰክራለሁ።"

ወንድም ሶፎንያስ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ይዞ ሊጠራት ብቅ ሲል የመጨረሻውን ቃል ሰማ። መስታወትን አያት፤ አሸተታት። ድካም ፊቱ ላይ ይታያል።

"እህት መስታወት፣ ዛሬም?"

"ዛሬም፣ ወንድም ሶፎንያስ።"

"አስገድዷት ነው!" አለች ሚሚ። "ሽማግሌው ክፉ ነው፣ እኛ እናውቃለን! የሰው ቤት ሥራ እንዴት እንደሆነ አንተ አታውቅም።"

ሶፎንያስ ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ለሰሰ። "ካስገደደሽማ ሌላ ነው። በጉባኤ ፊት እንዲህ ብለሽ ከተናገርሽ እንጸልይልሻለን፣ ከመዘምራንም ጋር ትቆሚያለሽ። ተገደሽ ነው?"

ውስጥ ከበሮው ተመታ፣ እልልታ ተነሣ። መስታወት ልብሱን አየችው፤ ሚሚ በካውያ ተኩሳዋለች፣ አንገትጌው ነጭ ነው። ማለት የሚገባት አንድ ቃል ብቻ ናት። ውሸትም አትሆንም፤ ያ ሰው አታሏታል፣ በምላሷ ቆምሯል፣ እንኳን ሶፎንያስ መንገደኛም ይፈርድላታል።

"የመጀመሪያውን ግማሽ ለምኖኝ ነው" አለች።

"ሁለተኛውንስ?"

"ሁለተኛውን ማንም አላለኝም።"

"ታዲያ ለምን?" አለ ሶፎንያስ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር።

"ሥሩ ላይ ሲደርስ ይጣፍጣል" አለች መስታወት። "ማርም አይደለም፣ ስኳርም አይደለም። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም።"

ሚሚ አፏን በእጇ ያዘች። መስታወት ልብሱን ከክንዷ ላይ ወስዳ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ መልሳ ሰጠቻት። ማንም ሳያዛት ወደ አዳራሹ ገባች፤ በግድግዳው ጥግ ሄዳ፣ ከታገዱት ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።