ከኮንጋ ምንጭ የተገኙት

ኤልቤቴል ከቤተ ሙከራው የመጣውን የኢሜይል ሰንጠረዥ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከኮንጋ ምንጭ የተወሰዱት፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱት ባለብዙ እግር የውኃ እንስሳት፣ የሽሪምፕ ዘመዶች፣ ዘረመላቸው እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ከመቶ አሥራ አራት እጅ ይለያል። ከእንግዲህ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ መከራከር አይቻልም።

ሁለት ዓመት የተከራከረችው እሷ ነበረች። ባሏ ሙሉካ በአባቱ ማሳ ግርጌ ያገኛቸውን እንስሳት እግር በማይክሮስኮፕ እያየ «እነዚህ ሌላ ናቸው» ሲላት፣ «የእግር ፀጉር ማስረጃ አይሆንም» ትለው ነበር። በመጨረሻዋ ቀን ጠዋትም በዚሁ ተኮራርፈው ተለያዩ። ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሉ ይርጋጨፌ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ከሞተ አራት ወር ሆነው።

እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። አልመጣም። ጠርሙሶችና መረብ በቦርሳዋ ከትታ ከዲላ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ኮንጋ ስትደርስ ከምንጩ አጠገብ አሸዋ ተቆልሏል። አንድ ግንበኛ ሲሚንቶ ያቦካል። ውኃው በቧንቧ እንዲወርድ የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ ሊደፈን ነው። ሴቶች ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ቆመዋል። አማቷ አቶ ደጀኔ ከእንሰቱ ጥላ ተነስተው መጡ።

«ልጄ፣ ሳትደውዪ?»

«አባባ፣ የሙሉካ ውጤት መጣ።» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እሱ ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሽማግሌው ወደ ምንጩ ተመለከቱ። «እነዚህ እንስሳት ሌላ ቦታ የሉም?» ሲሉ ጠየቁ።

«እስካሁን ያገኘነው እዚህ ብቻ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ የሺሃረግ የምትባለው፣ ወደ ፊት ወጣች። «እኛም እኮ ሌላ ምንጭ የለንም፣ እቴ። ባለፈው ክረምት ልጆቻችን በተቅማጥ አለቁ።»

ኤልቤቴል ጎንበስ ብላ መረቡን ከድንጋዮቹ ሥር ሰደደችው። ስታወጣው ሰባት ነበሩ፤ እየተወራጩ። ወደ ጠርሙሱ ገለበጠቻቸው።

አቶ ደጀኔ ሱሪያቸውን ሰብስበው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ብርሃን ይፈልጋሉ?»

«አይ። የሚኖሩት ከድንጋይ ሥር ነው።»

«እንግዲያው ዓይኑ ይደፈን፤ ሴቶቹም ይቅዱ። ከግርጌ በኩል ግን ለእነዚህ እንስሳት የሚሾልኩበት ቀዳዳ ይተውላቸው።»

ግንበኛው የሲሚንቶ ማንኪያውን እንደያዘ ወደ ኤልቤቴል ዞረ። «ምን ያህል ልተው?»

ሴቶቹም ይመለከቷታል። አላወቀችም። ይህን ቢጠየቅ ሳያመነታ የሚመልሰው ሙሉካ ነበር። ጣቶቿን ዘረጋችና መዳፏን በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አሳረፈች።

«ይህን ያህል» አለች፤ እጇንም ቶሎ አላነሳችም።