አሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር

ጌታነሽ፣ "15" የሚል ቁጥር በኖራ የተጻፈበትን ድንጋይ እንዳለፈች ልቅሶ ሰማች። መጀመሪያ ከራሷ ጉሮሮ የሚወጣ መስሏት ነበር፤ ከዳገቱ ወዲህ ትንፋሿ እንደዚያ ሆኗልና። ቀና ስትል ግን ከታችኛው መንደር የወጣ ቀብር መንገዱን ሊያቋርጥ ተቃርቧል። ከፊት ካህናቱ፣ ቀጥሎ ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች።

ከፊቷ ይሮጡ የነበሩት ሁለት ጎረምሶች ፍጥነት ጨምረው ቀድመው አለፉ። እሷም ብትፈጥን ታልፍ ነበር። እግሯ ግን እምቢ አለ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዋ ቀብር ገጥሟት ጥቂት ሳትሸኝ አልፋ አታውቅም፤ ደረቷ ላይ ቁጥር ስለተለጠፈ ብቻ ዛሬ የሚጀመር ነገር አይደለም። ያሳፈራት ሌላ ነው። የሩጫው ብርቱካንማ ካናቴራና ቱታ ሱሪ እንጂ ነጠላ አልያዘችም። መንገድ ዳር ቆማ አንገቷን ደፋች።

ከለቀስተኞቹ መሀል አንዲት አሮጊት ወጥተው ወደ እሷ መጡ። በወፍጮ ቤት ወረፋ የምታውቃቸው እማማ አልጣሽ ናቸው።

"ጌታነሽ ነሽ? ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ ማን አሳዶሽ ነው?"

"ሩጫ ነው እማማ። ለቤተ መጻሕፍቱ ማሠሪያ የተዘጋጀው። ማን ናቸው የሞቱት?"

"አፈወርቅ ነው፣ የወፍጮ ቤቱ። ሌሊት ነው ያረፈው።"

"ነፍስ ይማር። ስንት ጊዜ ያለ ወረፋ ፈጭተውልኛል።"

እማማ አልጣሽ ከጋቢያቸው ላይ የደረቡትን ነጠላ አወለቁና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። "በይ ይኼን ልበሺና እስከሚቀጥለው ማረፊያ ሸኚው። ሰው እንዳያይሽ አትፍሪ፤ የቆምሽው እኮ ለሱ ነው።"

ጌታነሽ ነጠላውን አዘቅዝቃ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ቁልቁለት ተከተለች። ሆዷ ግን መንገዱ ላይ ቀርቷል። የሩጫው መድረሻ መስመር የሚዘጋው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ አይመዘገብም። ይህ ለሌላው ሯጭ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእሷ ግን ከልጇ ጋር ውል አለ።

የመጀመሪያ ልጇ እየሩስ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለማለፊያው ትንሽ ነጥብ ጎድሏት ወድቃለች። "በድጋሚ ተፈተኚ" ብትባል "በቃኝ፣ ካንቺ ጋር የበግ ፀጉር ልፈትል" አለች። ጌታነሽ ስትጨቀጭቃት አንድ ቀን ልጅቷ ቱግ ብላ፣ "አንቺ ራስሽ ጀምረሽ የጨረስሽው ምን አለ?" አለቻት። እውነቷን ነው። ጌታነሽ ትዳር ስትይዝ ስምንተኛ ክፍልን አቋርጣለች፤ እየሩስ ስትወለድ የማታ ትምህርቱን ትታለች፤ አማቷ ሲታመሙ ከፈታዮች ማኅበር ወጥታለች። ሁሉንም ያቋረጠችው ለሰው ብላ ነው፤ ነገር ግን ይኼ ለልጅ አይነገርም። በዚያው ሳምንት ከከተማቸው ከቀየት ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ግማሽ ማራቶን እንደሚካሄድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ይኼን ከጨረስኩ ትመዘገቢያለሽ?" አለቻት። እየሩስ ስቃ፣ "ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር? እሺ፣ እመዘገባለሁ" አለች።

አራት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ደርባ ሮጠች። ሰፈርተኛው ለኪዳን ጸሎት የምትጣደፍ መስሎት "ይቺ ሴት እንዴት ጸናች" ሲል፣ እሷም አላስተባበለችም። ለነገሩ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳትሳለም ቀርታ አታውቅም፤ ተሳልማ ግን የሰፈሩን ሜዳ ስምንት ዙር ትዞራለች።

ካህናቱ ጸሎት ለማድረስ ሲቆሙና ቃሬዛው ሲያርፍ ነጠላውን መለሰች። "እግዜር ያጥናችሁ" ብላ ወደ ዳገቱ ስትዞር፣ የእድሩን ድንኳን በሞተሩ አድርሶ የሚመለስ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የሰፈሯ ሰው አጠገቧ ቆመ።

"እትዬ ጌታነሽ፣ በዚህ ዳገት አትድከሚ፤ ከኋላዬ ውጪ።"

"መንገዱ ድረስ ብቻ ከሆነ።"

"መንገዱ ድረስ ነው።"

ወጣች። ሞተሩ በባሕር ዛፉ መሀል ተጠማዝዞ ጥርጊያው መንገድ ላይ አወረዳት። ፍቅረ ሥላሴ ውለታ በመዋሉ ደስ ብሎት፣ "አቋራጩን አውቀዋለሁ" ብሏት በአቧራው ውስጥ ተሰወረ። ጌታነሽ ዘወር ስትል "16" የሚል ድንጋይ አጠገብ ቆማለች።

ወደ ኋላ ልመለስ ብላ ነበር። እንዲያውም አምስት እርምጃ ያህል ተራምዳለች። ከኋላ የደረሱ ሁለት ሴቶች ግን "በርቺ፣ አብረን እንግባ" ብለው በመሀላቸው አስገቧት። አብራቸው ሮጠች። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ሁሉ ያቺ ያልረገጠቻት ኪሎ ሜትር ጫማዋ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ስትቆረቁራት ነበር። አሁን እናገራለሁ፣ ደርሼ እናገራለሁ እያለች ከተማው ጫፍ ደረሰች።

ሩጫው በሚያበቃበት ትምህርት ቤት በር ላይ እልልታ ተቀበላት። መስመሩን ስታልፍ የሩጫው አስተባባሪ፣ በትምህርት ቤቱም ተፈታኞችን የሚመዘግቡት መምህር ኃይለመስቀል ስሟን በድምፅ ማጉያ ጠሩና ሜዳሊያ አጠለቁላት። እየሩስ ሰው እየገፈተረች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"እማዬ፣ ጨረስሽ እኮ። እውነት ጨረስሽ።"

ጌታነሽ ከዚህ በላይ ኮርታ አታውቅም። ልጇ እንዲህ አድርጋ ካየቻት ስንት ዓመቷ። ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያለቀ ነው፤ ሰኞ ምዝገባ፣ ከዚያ ፈተና። የልጇን እጅ ከአንገቷ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደች።

"አልጨረስኩም፣ እየሩስዬ።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሜዳሊያውን አጥልቀሽ?"

"ቀብር ገጥሞኝ ልሸኝ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ፍቅረ ሥላሴ በሞተር አደረሰኝ። አሥራ ስድስተኛውን ኪሎ ሜትር አልረገጥኩትም።"

እየሩስ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለቀብሩ የሄድሽውስ? እሱም እኮ መንገድ ነው። ይካካሳል።"

"እሱ የጋሽ አፈወርቅ ነው። ይኼኛው የኔ ነው።"

"ማንም አላየሽም እኮ፣ እማዬ።"

"አየሁት እኮ እኔ። ላንቺ ብዬ የሮጥኩትን ጎዶሎ አድርጌ ልስጥሽ?" ሜዳሊያውን አውልቃ በልጇ መዳፍ አኖረችና ወደ መምህሩ ዞረች። "መምህር፣ አንድ ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። እዚሁ ብሮጠው ይቆጠርልኛል?"

መምህር ኃይለመስቀል ነገሩ ሲገባቸው ሰዓታቸውን አዩ። "እስከ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ በር ደርሶ መልስ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሊዘጋ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው። ጉልበትሽ ይችላል?"

"አይችልም። ግን እሄዳለሁ።"

ሯጩ ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ እሷ ብቻዋን ወደ ውጭ ሮጠች። ቀኝ እግሯን ትስባለች፤ ትከሻዋ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ጥግ ላይ ከቆሙት አንዱ "ሴትዮዋ መንገድ ጠፋት መሰለኝ" ብሎ ሳቀ።

"አልጠፋትም" አለች እየሩስ። "እናቴ ናት።"

እየሩስ ሜዳሊያውን ጨብጣ መንገዱ መሀል ቆመች። ብርቱካንማው ካናቴራ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ በር ገና አልደረሰም። በሰዓቱ ትመለስ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። እየሩስ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል መምህሩን ጠየቀቻቸው።

"መምህር፣ የድጋሚ ተፈታኞች ምዝገባ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?"

"ሁለት ተኩል ላይ።"

"ስሜን ከፊት ይጻፉልኝ" አለችና እናቷን ልትቀበል በመንገዱ መሀል መሮጥ ጀመረች።