የዕድሜ ምስክር

«ያዛት! ያዛት እንጂ፣ አንተ!»

ባጃጇ ጭቃው ላይ ተንሸራታ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አዞረች። አንተነህ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠው፤ በሦስተኛው ያዘለት። እማማ የሻረግ የጨበጡትን ብረት ሳይለቁ የልጅ ልጃቸውን ማጅራት አዩት። ላብ አጥምቆታል።

«አይዞዎት እምዬ፣ ፍሬኑ ትንሽ ላላ ብሎ ነው።»

«የላላስ ያንተ ጭንቅላት ነው! አባትህ እግሩን ሰብሮ ቢተኛ፣ አንተ ደግሞ አንገትህን ልትሰብር?»

ቀበሌው ያለበት ወገዳ ከተማ ሲደርሱ ጉሙ አልተገፈፈም። አስራ ስምንት ዓመት ላልሞላው መንጃ ፈቃድ አይሰጥም፤ የልደት ወረቀት ለሌለው ደግሞ ቀበሌው የሽማግሌ ምስክር ይሰማል። የአገሩን ልጅ ግማሹን ያዋለዱት እማማ የሻረግ ስለ ዕድሜ ከተናገሩ የሚከራከራቸው የለም። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዘመን ግን ይቆጥራሉ።

ጸሐፊው ሙሉዓለም ብዕሩን አነሳ። «አንተነህ መቼ ተወለደ፣ እማማ?»

አንተነህ በክርኑ ነካ አደረጋቸው። ከቤት ሲወጡ «በዘመነ ዮሐንስ ነው ይበሉ፣ አስራ ስምንት ይሞላልኛል» ብሎ ለምኗቸው ነበር።

«በዘመነ ማርቆስ ነው» አሉ። «ማርቆስ በአራት ዓመት አንዴ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ የዘንድሮውን ጨምሮ አራት ጊዜ ተመልሷል። አስራ ስድስት!»

ሙሉዓለም አንተነህን ቀና ብሎ አየው፤ ጻፈ፤ የቀለሙን ሳጥን ገፋላቸው። «እዚህ ላይ ጣትዎን ያኑሩ።»

አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «አንተነህ፣ አንብብልኝ።»

«አስራ ስድስት ዓመት... ይላል» አለ ፈጠን ብሎ። ፈገግታው ግን አመለጠው።

«አስራ ስድስት ካለ ምን ያስፈግግሃል?» ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «አንተንም ከእናትህ ሆድ የተቀበልሁህ እኔ ነኝ። ስንት ብለህ ጻፍህ?»

ሙሉዓለም አንገቱን ደፋ። «አስራ ስምንት። ቤታችሁ እንዳይራብ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ሲቀበርስ ስንት ብለህ ልትጽፍ ነው?»

ቀለሙን በነጭ ቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ያለ ወረቀትም እነዳለሁ!» አንተነህ በሩን በርግዶ ወጣ። ሦስት ገበያተኞች ተሳፍረው ይጠብቁታል፤ ከፊታቸው ያለው ጠዋት ባጃጇ የተንሸራተተችበት ያው የገደል መንገድ ነው። ሞተሩ ተነሳ።

እማማ የሻረግ ተከትለውት ወጡ። ከፊተኛው ጎማ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

«ኧረ ይነሡ እማማ፣ ገበያው ሊፈታብን ነው!» አለች አንዷ ከውስጥ።

«ይፈታ» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።