ጨው ከኮርቻ ይቀድማል

ጋሽ ፖስታ ጢማቸውን ግማሹን ተላጭተው ግማሹ ሲቀራቸው በሩ ተንኳኳ። ሰው እንዲህ አያንኳኳም። ሰው በጣቱ ነው፤ ይሄኛው እንግዳ በአፍንጫው ነው።

"መጣሽ ደግሞ?" አሉ፣ የፊታቸውን ሳሙና ሳይጠርጉ በሩን ከፍተው።

ወይዘሪት ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቡናማ፣ እግረ አጭር፣ ሆደ ሰፊ የተራራ ባዝራ ናት። እንድትወልድ ብለው ከተራራው ማዶ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም ልጃቸው በጭነት መኪና ቢልኳት፣ የበረቱን መዝጊያ በጥርሷ ከፍታ ተራራውን አቋርጣ ስትመለስ ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ጋሽ ፖስታን ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ በደስታቸው አፈሩ። ሆዷ ወደ ታች ወርዷል። ባለፈው እዚሁ ስትወልድ ውርንጭላው እግሩ ታጥፎ መጣና፣ የደከመ ዓይናቸው አላይ፣ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ እዚያው ሞተባቸው። አሁን ደግሞ አራተኛ ጊዜ ብትነሳና ገደል ላይ ብቻዋን ብትወልድስ?

ቢሆንም መጀመሪያ ጨው አመጡ።

እዚህ ላይ ስለ ዘሯ ካልተነገረ ሰውየው ጅል ይመስላሉ። የመኪናው መንገድ ሳይወጣ በፊት ተራራውን የሚሻገር ሁሉ ከዚህ መንደር ፈረስ ይከራይ ነበር። ማዶ ሲደርስ ይወርዳል፣ ልጓሙን ኮርቻው ላይ ያስራል፣ ቂጧን መታ ያደርጋታል፤ ፈረሷ ብቻዋን ቤቷ ትገባለች። ለዚህ ነው "ተመላሾች" የተባሉት። መልካቸው አያስመካም። ኮቴያቸው ግን ብረት አይፈልግም፤ ልባቸውም ችኮላ አያውቅም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው የሚባለው ለእነሱ አይሠራም፤ ገደሉን አይተው ሳይጨርሱ ሳር አይነኩም። በኋላ ሰው ቁመት አማረውና ከረጃጅም ፈረሶች አዳቀላቸው። ልጆቹ ቆንጆ ሆኑ፤ እግራቸውን እየሰበሩ አለቁ። ንጹሕ ተመላሽ ብሎ ነገር ዛሬ በመንደሩ ወይዘሪት ብቻ ናት።

የአከራዮቹም ሕግ አንድ ነበር፦ የተመለሰች ፈረስ ደጃፍ ላይ፣ በእጅ፣ ጨው ትቀበላለች፤ ኮርቻዋ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ፖስታ ሠላሳ ዓመት በተመላሾች ጀርባ ደብዳቤ ሲያመላልሱ አንድ ቀን ጨው ነፍገው አያውቁም።

ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ መጣች አይደል?"

"ማን?"

"አባዬ!"

"መጥታለች።"

"ጨውም ሰጠሃታል።"

"ታዲያ ደክሟት መጥታ ፊት ልንሳት?"

"እኔም እኮ እሰጣታለሁ፣ በባልዲ ሙሉ!"

"በባልዲ?" አሉ ጋሽ ፖስታ ደንግጠው። "በባልዲማ ለላም ነው!"

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ዝናቡ መንገዱን ደርምሶታል፣ መኪና አያልፍም። በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። ምን ይሻላል?"

"እኔው አመጣታለሁ።"

"መጥተህስ? እዚሁ ትቀራለህ?"

"ትልቅ ዛፍ ተነቅሎ አይተከልም ብዬሻለሁ።" እናቷ ካረፉ አራት ዓመት፣ ጥያቄውም መልሱም ይኸው ነው።

በማግስቱ ማልደው ወጡ። አልተቀመጡባትም፤ ነፍሰ ጡር ላይ አይወጣም። እሷ ከፊት፣ እሳቸው ቦርሳቸውን አዝለው ከኋላ፣ ጭራዋን ይዘው። አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ቆመች። አፈሩን አሸተተች፣ ቀኝ ኮቴዋን አሳርፋ አነሳች። ጋሽ ፖስታ ከተመላሽ ጋር እንደማይከራከሩ ያውቃሉና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሉ። አስባ ስትጨርስ በላይኛው በኩል ዞረች።

ማዶ ሲደርሱ ልጃቸው በቦት ጫማዋ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ወይዘሪት ግቢውን አየችና እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ተራራው መለሰች። ጋሽ ፖስታ አለፏትና የልጃቸው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ከኪሳቸው ጨው አውጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ባዝራዋ መንገዱን አየች፣ እጃቸውን አየች። ቀስ ብላ መጥታ ላሰች።

በአራተኛው ቀን ወለደች። የዚህኛውም እግር ታጥፎ ነበር፤ ልጅቷ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አቃናችውና ጎተተች። እርጥብ፣ እግረ አጭር፣ ሆደ ሰፊ ሴት ውርንጭላ ወጣች። ጋሽ ፖስታ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

"እናትየዋ ወይዘሪት ከሆነች ይህችን ምን ልንላት ነው?" አለች ልጅቷ እጇን እየታጠበች።

"እሷ ወይዘሮ ትባል" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሳምንት ቆይተው አንድ ጠዋት ቦርሳቸውን አዘሉ። ልጃቸው አልለመነቻቸውም። እሳቸውም ሳይሰናበቱ ወደ በሩ አዘገሙ። ተራራውን አዩት። ያ ባዶ ቤት፣ ያ በግማሽ ያለቀ ሳሙና ታያቸው። በሩ ላይ ብዙ ቆሙ፤ ምናልባትም መሬቱን በእግራቸው ሳይሞክሩት አልቀሩም። ከዚያ ዞሩ።

ልጃቸው ደጃፉ ላይ ቆማለች። መዳፏ ተዘርግቷል። መዳፏ ላይ ጨው አለ።

ጋሽ ፖስታ ተመልሰው መጡ። ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ቀስ ብለው ቦርሳውን ያዘለ ጀርባቸውን ሰጧት።

"በይ እንግዲህ፣ ኮርቻዬን አውርጂልኝ።"